ከማውጫው ለመውጣት

ሐዋሳ፣ ቴሌ ቤት። ከቆርቆሮው በላይ
አባ ኮዳ ቆሟል የሰው ጓሮ ሲያይ፣
እንደ ጡረተኛ።
እኔ ከሥሩ ነኝ፣ ሦስተኛው መስኮት ጋ፣
ዝምታ ልገዛ በተቆረጠ ዋጋ።

«ይኸው ገጽ አርባ ሁለት፦ ስንቅነሽ ዳንጊሶ፣
ልብስ ሰፊ፣ ሐይቅ ዳር። ምን ቀረኝ ጨርሶ?
ማን ጻፉኝ አላችሁ?»
«እትዬ፣ መግባቱ በነጻ ነው ለሰው፤
መውጣት ነው በየወሩ ሃያ ብር የሚያስከፍለው።»

ስሙን ማውጫ ብለው መውጫውን ሸጡት።

አልነገርኳትም፦
ሌሊት በስምንት ሰዓት ስልኬ ይጮሃል፤
ሳነሳው ዝም ይላል፤ ትንፋሹ ይሰማል።
ያን ትንፋሽ አውቃለሁ፤
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ትራስ ላይ፣ ሰምቼዋለሁ።

ሃያ ብር፦ የሁለት ሱሪ ማሳጠሪያ።
ቆጥሬ ሰጠኋት። ገንዘብ ያዧ፣ ከወዲያ፣
ደረሰኙን ይዛ ስሜን ጠራች ጮክ ብላ፣
ቀጥላም ቁጥሬን፣
አንድ ባንድ፣ ሳትቸኩል፣ ለአዳራሹ በሞላ።

ዞር አልኩ። ወረፋው ሁሉ እኔን ያያል።
በሩ አጠገብ የቆመ አንድ ባለ ኮፍያ
ኪሱን ዳበሰና
ብዕር አወጣ።