የወንበሩ እግር

መጀመሪያ ያየሁት ውሃውን ነው፤
ትሪው ላይ በብርጭቆ ውስጥ ፈቀቅ አለ።
ሌላ ማንም አላየም።
የኛ ሥራ ቀድሞ ማየት፣
አይቶም ፊትን አለመለወጥ ነው።

ሐምሌ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። የዓባይን ሸለቆ አልፈናል፤
ጣና በደመናው ቀዳዳ እንደ አዲስ ቆርቆሮ
አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።
ደወሉ ሁለት ጊዜ ጮኸ።
ሁለት ጊዜ ማለት፦ የያዝሽውን ትተሽ ተቀመጪ።

ልቀመጥ ስል ወለሉ ከእግሬ ሥር ሄደ።

(በኋላ ሰዎች «ወደቅን» ይላሉ።
የወደቀው አየሩ ነው። እኛ ለአንድ ትንፋሽ ያህል
በቦታችን ቀረን፣ ከዚያ ተከተልነው።)

ኅሊና ኮርኒሱን በግንባሯ መትታ ተመለሰች።
ከአንድ ፌስታል ያመለጡ ብርቱካኖች
ከኋላ እስከ ፊት ተንከባለሉ፣ እንደገና መጡ፣
የረሱት ነገር እንዳለ ሰው።

ሰማይ ወንፊት ሆኖ ሰው እንደ ጤፍ ሲነፋ፣
የሚናገር በዛ፣ የሚያደምጥ ጠፋ፤
ቀበቶ ያላሰረ ቀበቶውን ሲሻ፣
የማያውቀው ሰው እጅ ሆነለት መሸሻ፤
ሕፃን ብቻ ሳቀ፣ ጨዋታ መስሎት፣
እናቱ ስትደርብ ስለት በስለት።

አያ ስንሻው ትዝ አለኝ፣ የእናቴ ወንድም፣
ከዘጌ ባህር ዳር እንጨት በታንኳ ያመላልስ የነበረው።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ነፋስ ሲነሣ ብድግ አልኩ።
«አትቁሚ! ማዕበል የቆመ ሰው ይወዳል።
ተንበርከኪ፣ ደንገሉን ያዢ፣
ክብደትሽን ለውሃው ስጪው።»

አሥራ አራት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ፣
የራሴ አንድ ጫማ ከእግሬ ወልቆ፣
ደንገል ከየት ይምጣ?
የአራተኛውን ረድፍ ወንበር እግር ጨበጥኩ።
መተላለፊያው መሀል ተንበረከክኩ።
ግንባሬ ምንጣፉን ነካ።

«አስተናጋጇ እየጸለየች ነው!» አለ አንድ ሰው።

ጩኸቱ ረገበ።
ከፊት «እግዚኦ» ተነሣ፣ ከኋላ «ያ ረቢ»፤
ስምንተኛው ረድፍ ላይ ያለው ጎረምሳ እንኳ
የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ
የሚለው ቢያጣ ሀ ሁ ሂ አለ።

እኔ ግን ስለ እግዜር አላሰብኩም፣ ይቅር ይበለኝ።
ያሰብኩት ስለ አንዲት ብሎን ነው፤
ወንበሩን ከወለሉ ጋር ያሠረች፣ በዓይኔ ትይዩ፣
ጭንቅላቷ የተላጠ ትንሽ ብሎን።
አትውለቂ፣ አልኳት። እባክሽ፣ አንቺዬ፣ አትውለቂ።

አልወለቀችም።

በዝናብ ወረድን። አጨበጨቡ።
በሩ ላይ ቆሜ (ሁለቱንም ጫማ አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ)
«እንኳን ደኅና ገባችሁ» እላለሁ፤
እማማ ጠጂቱ የሚባሉ፣ ነጠላቸው ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት፣
የሚያመኝን ትከሻ ይዘው ሳሙኝ።
«ጸሎትሽ ነው ያወረደን። የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፣
እሁድ አስጠራሻለሁ።»
ነገርኳቸው።
ስለ ብሎኗ አልነገርኳቸውም።

አሁን መሽቷል። አውሮፕላኑ ይመረመራል፤
እኛ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አድረናል።
ጣና ምንም እንዳላደረገ ሰው ዝም ብሏል፣
አንድ ይብራ ሆዱ ላይ ተኝቶበታል።
ኅሊና ከሆስፒታል ደወለች፦ «አራት ስፌት።
ፈገግ ብዬ ነው የተሰፋሁት፣ ልማድ ሆኖብኝ።»
ሳቅን፤ እሷ ቀድማ አቆመች።

አልጋው ላይ ስጋደም ወለሉ ይሄዳል።
ወርጄ የአልጋውን እግር ያዝኩ።
ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል በረራ አለ።
እሁድ ቄሱ ስሜን ይጠራሉ።
ያቺን ብሎን
ማን ያስጠራላታል?