የሥጋ ሻጩ ሚዛን

መጋቢት ሲጋመስ፣ በረዶው ሲላላ፣
ኤርሜቴ ጋራዡን ፈለቀቀ በዱላ።
ባለሁለት በር ፊያት፣ ከላም የማትበልጥ፣
ዳገት ባየች ቁጥር እንደ እርጉዝ የምታምጥ፤
በሮካ ቬነራ፣ በዘጠኙ እጥፋት፣
ሰዓት ያዡ ሰልችቶት ቤቱ የገባባት።

«ሞተር ለማጎልበት ኪሴ አይደለም ሙሉ፤
መንቀል ግን በነፃ ነው፣ ካቻቢቴ ካሉ»
አለና ተዋሰ ከክዊሪኖ ሉካንዳ
ሥጋ የለመደች ሚዛን፣ ያንድ ሰሞን እንግዳ።
የፈታውን ሁሉ መንጠቆ ላይ ሰቅሎ
በጠመኔ ጻፈ ግድግዳው ላይ ኪሎ፦

የኋላ ወንበር፣ አሥራ ሁለት።
ትርፍ ጎማ ከነክሪኩ፣ አሥራ ስድስት።
(«ጎማ ቢፈነዳስ?» «ቢፈነዳ፣ ያው መጨረሻ ነኝ።»)
የበር ሽፋን፣ ራዲዮ፣ የሲጋራ መተርኮሻ፣ ስምንት ከሩብ።
ምንጣፍ፣ አራት፤ አንዱ ኪሎ ግን አሸዋ ነው፣
ልጆቹ በጫማቸው ከፔስካራ ባሕር የቀዱት፤
ዛሬ ሁለቱም ቶሪኖ ናቸው፣ የሌላ ሰው መኪና ይገጥማሉ።
አሸዋውን ለብቻው ጻፈው።

በግንቦት ከጎኑ ያለውን ወንበር ፈታ። አሥር ኪሎ።
«እኔስ?» አለች ሚስቱ፣ ፒየሪና፣ ከደጅ ቆማ።
«አውቶቡስ አለ» አላት።
ሦስት ቀን አላናገረችውም። እሱም ቤቱ ቀለለው፣
እስከ አራተኛው ቀን።

በሰኔ ማሞቂያው ወጣ፤ መስተዋቱ በፕላስቲክ ተተካ፤
ፔዳሎቹን ወንፊት እስኪመስሉ በመሰርሰሪያ በሳ።
የቁልፉን ማንጠልጠያ እንኳ መዘነ፣
ቅዱስ ክሪስቶፎሮስ፣ ከነሰንሰለቱ ዘጠኝ ግራም።
አመነታ።
ሰንሰለቱን ጣለ፣ ሰማዕቱን አስቀረ።

ሐምሌ ላይ ክዊሪኖ ሚዛኑን ሊያስመልስ
መጥቶ የጠመኔውን ገድል ቢያነብ እስከ ግርጌ ድረስ፣
«ሰማንያ ስምንት ኪሎ! ይበል፤ ግን ወዳጄ፣
አንድ ሙዳ ረስተሃል፤ ወዲህ ቅረብ ከእጄ።»
ብብቱን በገመድ አሥሮ አንጠለጠለው፤
መርፌው ዞሮ ዞሮ ዘጠና አራት አለው።
የአራት ወር ልፋቱ፣ ብሎኑ፣ አሸዋው፣
ተደምሮ አነሰ ካልተፈታው ዕቃው።

ሰው ሲቀል ነውር ነው፣ ብረት ሲቀል ሙያ፤
ኤርሜቴ ተንጠልጥሎ ከሁለቱ መለያያ
አያት ኦርኔላን፣ የሉካንዳውን ልጅ፣ አጥንት ስትፈልጥ፣
አርባ ዘጠኝ ኪሎ፣ ከነመጥረቢያዋ፤
የሥጋውን ቫን በበረዶ የምትነዳ፣
ሌላ ሰው ፍሬን ሲይዝ የምትሳደብ።
«አውርዱኝ» አለ።

መስከረም።
የመጨረሻውን ዕቃ ነቀለ፣ ራሱን።
ቁልፉን ሰጣት፤ ሰባተኛው እጥፋት ላይ ሰዓት ይዞ ቆመ።

መጀመሪያ ድምፅ መጣ፣ ቆርቆሮ የሚቀድ፣
ከዚያ ነጭ ነገር፣ አስፋልት ላይ የማይከብድ፤
እሱ ሁለተኛ ማርሽ በሚለምንበት
እሷ በሦስተኛ ሳትጸልይ ገባችበት።
የኋላዋ ጎማ መሬት ለቆ ዘለለ፤
ሰዓቱን ሳይጫን አፉን ከፍቶ ዋለ።

ሃምሳ አንድ ሴኮንድ ተቀነሰ።
ከመጨረሻ ሦስተኛ ወጡ፤
ከኋላቸው አንድ ማርሚታ የጣለ፣ አንድ ውሃ ያፈላ።

ቁልቁል ስትመለስ አጠገቡ ቆማ በሩን ከፈተች።
«ግባ» አለችው።
ሁለቱም ወለሉን አዩ፦ አራት የብሎን ቀዳዳ፣
በቀዳዳው ውስጥ አስፋልት።
ሄልሜቷን ብቻ አስይዛው ሄደች።

ከስድስተኛው እጥፋት ሥር ፒየሪና ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣
ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።
«አውቶቡስ አለ» አለችው።

እሑድ ነበርና አልነበረም።
በእግር ወረዱ፤ እሷ ከፊት፣
እሱ ከኋላ፣ ሄልሜቱን በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ፦
አንድ ኪሎ ከምናምን።