አስተርጓሚ ቁጥር 4417

በስሜ አልጠራም፤ ቁጥር ነኝ በስልኩ፣
ሐኪምና ታካሚ በእኔ አፍ ሲላላኩ።
ሱ ፎልስ፣ የጥር ብርድ፤ ምድር ቤት ሆኜ፣
ካልሲ ደራርቤ፣ በአልጋ ልብስ ተሸፍኜ
ስጠብቅ ጠሩኝ።
ዶክተሯ አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ አለች፣
ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ መርፌ ያለች።
በእኛ ግን በር ናት፤ የማህፀን በር።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ አቃተኝ መናገር።
ዕድሜዬን በሙሉ «እንትን» እያልሁ ኖሬ፣
ለማላያት እናት ልጠራው ነው ዛሬ።

«ቫይረስ ነው» አልኋት፣ «ከሰው ሰው የሚጋባ፣
በ... በግብረ ሥጋ። ዓመታት የሚያደባ።
ከብዙው ሰው ገላ በራሱ ይጠፋል፤
ካንዳንዱ አይወጣም፤ እንደ ብል ይበላል፣
ሳያም፣ ሳይሰማ። ቶሎ ከታየ ግን
መንገዱ ይዘጋል፣ ገና ካንሰር ሳይሆን።»

ዝም አለች። ከሥሯ ወረቀት ተንኮሻኮሸ፣
ሳቀች መሰለኝ፤ ወይ ትንፋሿ ሸሸ።
«ባሌ ከሞተ እኮ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፣
ደጄን የመታ የለም። ይሄ ከየት ተረፈ?»

ሐኪሟ ሰምታ፣ «ብዙ ዓመት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል፤
ከማን እንደመጣ ማንም አያውቅም።
ጥፋት አይደለም፣ በላት» አለችኝ።
ጥፋት አይደለም አልኋት።
ደግሜ አልኋት። መድገም በደንባችን ክልክል ነው።

ከዚያ በቀስታ፦
«ስጋ ፋብሪካ ነው የምውለው፣ ቢላ አልፈራም።
ይሄ የዳክዬ አፍ የመሰለ ብረት ግን...
በር ነው አላልከኝም? በር ይንኳኳል እንጂ
ይገነጠላል እንዴ? ንገርልኝ።»

እንግሊዝኛው ቃል ውስጥ በር የለም።
እንዴት አድርጌ ላሻግራት?
«እባክሽ አንኳኪ ትላለች» አልሁ።
ጸጥታ። ቀጥሎ፣ ጠረጴዛ ላይ መሰለኝ፣ በጣት፦
ኳ፣ ኳ።
«ግቢ» አለች ሴትዮዋ፣ ሳቋ እያመለጣት።
ይህን አልተረጎምሁም።

አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ተዘጋ።
ወደ ላይ ወጣሁ። ፍሪጁ ላይ፣ ከፒዛ ማስታወቂያ ሥር፣
ከመስከረም ጀምሮ የተለጠፈ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፦
ክትባት፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች፣ ለሴትም ለወንድም።
«ገና ልጆች ናቸው» ብዬ ነበር የሸፈንሁት።
ለናርዶስ ፈረምሁ። ለመንታ ወንድሟ ለኢዮስያስ ፈረምሁ።
ቁጥር አልጻፍሁም፤ ስሜን።

ሌሊት ባለቤቴ ከሥራ ገባች።
«አንቺስ» አልኋት፣ «ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?»
«ምኔን?» አለች፣ የበረዶ ጫማዋን እየጎተተች።
በስሙ ጠራሁት።