ስልሳኛዋ

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤
ቆርቆሮ ሲያንኳኳ «ማነው?» ብሎ ማንም አይጠይቅም።
ከጫማ ቤቱ ፎቅ፣ ከዶና ኢስሜኒያ ረጅም ጠረጴዛ፣
አርብ ሲመሽ ነው ሰው የሚበዛ።
እኔ ባልዶሜሮ፣ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ፤
ቀን ናስ እሞርዳለሁ፣ ማታ ስልሳ ካርታ አለኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥቅል ይዤ፣
«ጀልበኛው»ን አምኜ፣ በ«ጭጋግ» ታግዤ፣
ስንቱን አስጨነቅሁ!
አራት ጀልበኛ ነበረኝ፤ የወደቀውን ከሙታን ክምር
መልሶ ወደ እጄ የሚያሻግር።
ጠርዛቸው ነጥቶ፣ ላስቲካቸው በጣቴ ወዝ ደብዝዞ፣
(ዳኛ እንዳይሰማኝ እንጂ) እጄ በዳበሳ ይለያቸው ነበር፣ ከመሃል መዝዞ።

በጋው ሊያልቅ ሲል ማስታወቂያ ወጣ፤
አንድ መስመር፣ ጨዋ ቋንቋ፦
«ከመጋቢት ወዲህ የፊተኞቹ ሦስት ዕትሞች ዘመን አበቃ።»

ቁልፍ ሠሪ ይህን ያውቃል።
ቤቱ ያው ቤት፣ በሩ ያው በር፤ መቆለፊያው ይነቀላል።
ቁልፉ አልዛገም፣ ጥርሱም አልረገፈም፤
በሩ እምቢ አለው እንጂ፣ እሱስ አልሰነፈም።
አራቱን ከላስቲካቸው አወጣኋቸው፤
ባለቤት ካጡ ቁልፎች ጋር፣ በብስኩት ቆርቆሮ አስተኛኋቸው።

ሃምሳ ስድስት ቀረ።
እኔም አዲሱን፣ የሚያብረቀርቀውን ሰነቀርሁበት፦
አራት «የእሳተ ገሞራ እመቤት»።
የአንዷ ዋጋ አንድ ጥንድ ጫማ ይገዛል።
ስትወርድ ገበታውን ሁሉ ትልሳለች፤
እስክትወርድ ግን ስምንት ምንጭ ትጠይቃለች።

ሚያራይ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ወንዙ ዳር ዓሣ ትሸጣለች፤
የባሕር አንበሶች አንጀት ሲጠብቁ፣ ልጅቱ ሣጥን ላይ የቤት ሥራ ትሠራለች።
አርብ መጣች። ቢጫ የዝናብ ልብሷን ወንበር ላይ ሰቅላ፣
በአምስተኛው ዙር ጨረሰችኝ፣ ትንንሽ ቀበሮ አስከትላ።
እጄ ላይ ሦስት እመቤት ነበሩ፤
ተኳኩለው፣ እንደ ሙሽራ፣ መኪና ሲጠብቁ የቀሩ።
ካርታዋን እየሰበሰበች «ዶን ባልዶሜሮ» አለችኝ፣
«እርስዎ አሁንም የሚጫወቱት ጀልበኛውን ነው።
እሱ ደግሞ የለም።»

ቤቴ ገብቼ ስልሳውን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ።
እውነቷን ነው። ጭጋጉ ማንን ይሸፍናል፣ ጀልባ ከሌለ?
መቅዘፊያውን ማን ይያዘው? የወደብ ደወሉ ለማን ይደወል?
አራት ካርታ ጎደለ ብዬ ነበር ያዘንሁት፤
ለካ አሥራ ዘጠኝ ሎሌ ነው፣ ጌታው ሞቶ ደጅ ሲጠና ያገኘሁት።

ሎሌዎቹን አሰናበትሁ። እመቤቶቹን ሁለት አደረግሁ።
ምንጩን ሃያ አምስት፣ ኋላ ሃያ ሦስት፣
ኋላ መልሼ ሃያ አራት።
ግራ እጄ ሚያራይ፣ ቀኝ እጄ እኔ ሆነን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ተፋለምን፤
ግራው ደጋግሞ አሸነፈ።
ናስ አንዴ ከተሞረደ አይመለስም፤
ስለዚህ እጅ ይፈራል፣ ፈርቶም በጊዜ ያቆማል።
ካርታ ግን ይመለሳል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፦
ማቆሚያ የሌለው ሞረድ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰው ከሚጥለው የርካሽ ካርታ ሣጥን ሥር
«ፋኖስ አብሪዋ»ን አገኘኋት፤ ከአቧራና ከጎማ ላስቲክ ጋር።
አትዋጋም። አትከላከልም። ሥራዋ አንድ ነው፦
ከላይ ያለውን ካርታ ታይና፣ ካልወደድኸው ወደ ታች ትልከዋለች።
አራቷንም ገዛሁ፤ ከቂጣ ያነሰ ዋጋ።
ግራ እጄ ያን ሌሊት መጀመሪያ ጊዜ አላበው።

ሃምሳ ዘጠኙን አሁን አውቃቸዋለሁ፤ ለምን እንደገቡ ለዳኛም እመልሳለሁ።
ስልሳኛዋ ግን ሦስተኛዋ እመቤት ናት፣ ተመልሳ የገባች።
አስልቼ አይደለም። ጫማ የሚያህል ገንዘብ ከፍዬባት ነው።

አርብ። ዝናብ። ቢጫው ልብስ ወንበሩ ላይ ይንጠባጠባል።
«ምን ቀየሩ?» አለች ሚያራይ፤ ከፊት ጥርሷ አንዱ የለም።
ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ሁሉም ደህና ነው።
ጥቅሌን ወደ እሷ ገፋሁ፤
«ቁረጪ» አልኋት።