ከወዲህ በኩል

ሳምንቱን በሙሉ በጉልበቴ ዳኸሁ፣
ከድንጋዩ ስር ስር አረም ስነቅል ዋልሁ።
የውሃ ጎማውን ከእንጨት ክምር ኋላ፣
የተሰበረውን ወንበር ከዕቃ ቤቱ ጥላ፣
የባሌን አሮጌ ቦት ጫማ ሳይቀር
ሸሸግሁት፤ እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ለክብር።

ከበሩ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጠፍሁ፦
«የኔሪስ ጓሮ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ።
መግቢያ አራት ፓውንድ። ትኬቱ ሻይ አለው።
ገቢው በሙሉ ለነፍስ አድን ጀልባው ነው።»

አገሩ ዌልስ ነው፤ ተራራው ሰሌዳ ድንጋይ፣
ዝናቡ ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ አይደል ወይ?
ሠላሳ ሦስት ዓመት ፖስታ አድዬአለሁ፣
የመንደሩን ደጃፍ በውሻው አውቃለሁ፤
የእኔን ግን ከመዝጊያው ወዲህ ያየ የለም፣
ከድመቴ በቀር፤ እሷም አትናገርም።

ዓርብ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባትሪ ይዤ፣
ካፖርት በሌሊት ልብሴ ላይ ደርቤ፣
ቀንድ አውጣ ስለቅም ነጋ።
«ምን ነካሽ?» አልሁ ራሴን፤ «ሣርና አፈር አይደል?»
ደጁንማ ማን አይጠርግም? ጓሮ ነው ሰው የሚያጋልጥ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል
ሰው ሞላ፤ ባለ ከዘራ፣ ባለ ብስክሌት፣ ባለ ሕፃን ጋሪ።
እጄን የት ላድርገው? ኪሴ ገባ፣ ወጣ፤
በገዛ ቤቴ ውስጥ እኔው ሆንሁ እንግዳ።
አንዱ ጽጌረዳዬን አይቶ «ዘግይታለች» አለ፤
ልጁ ኩሬዋ ውስጥ ጫማውን ከነካልሲው ጣለ፤
አንዷ የተረፉኝን ቀንድ አውጣዎች ቆጥራ
«ዐሥራ አራት!» አለችኝ እንደ ቀረጥ ሹም ኮርታ።

ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሴት፣ ደብተር የያዘች፣
ከበርሜሉ ጥግ ቆማ ጎንበስ ብላ አየች።
«ይህች ሐምራዊ አበባ ስሟ ማን ይባላል?»
አረም ናት! አምልጣኛለች። ልቤ ድው ድው ይላል።
«ሚልድረድ» አልኋት። የአማቴ ስም ነው፤ ነፍሷን ይማር።
ጻፈችው፤ ከሥሩ አሰመረችበት፣ ሳትጠራጠር።
አማቴም እንዲሁ ነበረች፤ ቢነቅሏት የማትነቀል።

እሑድ ወደ ማታ፣ ከኬኩ ፍርፋሪ ሲቀር፣
ኢድዋል መጣ።
ኢድዋል፣ የግንቡ ማዶ ጎረቤቴ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፁን የሰማሁት
ውሻውን ሲጠራ ብቻ ነው።

የእሱ ፖም ነው ነገሩ። ግንቡን ተሻግሮ፣
ፍሬው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ እየተወረወረ
የችግኝ መስታወቴን ሁለት ዓመት ሰባበረ።
በሦስተኛው መጋዝ አነሣሁ፤ ሳልጠይቀው፣ ሳላማክረው።
ኋላ ነው የሰማሁት፦ ዛፉን እናቱ ናት የተከለችው፣
እሱ በተወለደ ዕለት።

ልብሱ የጸሎት ቤት፣ ጫማው የተወለወለ፤
አራት ድፍን ፓውንድ ቆጥሮ ሣጥኑ ውስጥ ጣለ፣
ትኬቱን ተቀበለ፤ ደህና ዋልሽም አላለ።
አበባ አላየ፣ ኩሬ አላየ፤ በቀጥታ
ወደ ግንቡ አለፈ፣ እርጥቡን ሣር ረግጦ፣ በዝግታ።
ቆመ። ቀና አለ።

ፖሙ ለካ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ኖሯል፤
በእሱ በኩል ግንድ ነው፣ ሽበት፣ የሰሜን ጥላ፤
በእኔ በኩል ግን
መጋዜ ካለፈበት፣ ከጠባሳው ዙሪያ
ሰባት ቅርንጫፍ ወጥቶ፣ ነጭና ሮዝ ለብሶ፣
የሁለት ቀን ዝናብ እንኳ አላረገፈው ጨርሶ።

«ከወዲህ በኩል እንዲህ ነው?» አለ፤ ለዛፉ፣ ለእኔ አይደለም።
ጠባሳው ላይ መዳፉን አኖረ።
ይቅርታን ለዓመታት ሳሰናዳ ኖሬ፣
«ያዳልጣል፣ ተጠንቀቅ» ብቻ አለ ከንፈሬ።
ቆቡን ነካ አድርጎ ወጣ።

ሰኞ ወረቀቱን ገነጠልሁ፣ ገንዘቡን ቆጠርሁ፤
ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ፓውንድና አንድ የኮት ቁልፍ።
አረሟን ልነቅል ሄድሁ። አሁንማ ስም አላት፤ ተውኋት።
ገና ቀና ስል፣ ከግንቡ በላይ ግማሽ ቆብ ወጣ፣
ከቆቡ ስርም ድምፅ መጣ፦

«ትኬቱ ሻይ አለው ይላል።
እኔ አልጠጣሁም።»