የሊቨን ጉልበት

ጥር ነው። የጌንት ቦይ ከዳር ዳር ረግቷል፤
የሊቨን ጋራዥ በር በውርጭ ተዘግቷል።
ምድጃው ተበላሽቶ እሳት ካየ ከርሟል፤
ጣቴም «መፍቻ አልይዝም» ብሎኝ ቆሟል።

«ንፋ» አለኝ ሊቨን፣ ፓምፑን አቀብሎ፤
ሃያ ጊዜ ጫንኩት፣ ትከሻዬ ዝሎ።
«አሁን ንካው» አለኝ፣ የቱቦውን ግርጌ።
ግሏል። ዞሬ አየሁ የእሳቱን ምንጭ ፈልጌ።

እሳት የለም እዚህ፤ ክብሪት አልተጫረ።
«ሥራህ ነው» አለኝ፤ «መልኩን የቀየረ።
ክንድህ አየሩን ጨምቆ ሲሰበስበው፣
የለፋኸውን ሁሉ ብረቱ መዘገበው።»

ሊቨን በወጣትነቱ፣ ከጥጥ ፋብሪካው ሥር፣
የቦይለር ጠባቂ ነበር፣ ከሰል ሲያጎርስ የሚያድር።

«ሙቀት ቤት የለውም፣ መንገድ ላይ ነው ስሙ፤
ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ ሲሻገር ነው ዓለሙ።
ከደረሰ በኋላ ሙቀት ነው አትበለው፤
ጉልበት ሆኖ ገብቶ በብረቱ ሆድ ነው ያለው።
ሥራም እንደዚሁ ነው፤ በር ነው፣ ጓዳ አይደለም፤
‹ሥራ አለኝ› ብሎ ክንድ የሚቋጥረው የለም።»

እውነት ለመናገር፣ ግማሹ አልገባኝም፤
በር ላይ የቆመችው ደንበኛ ፋታ አልሰጠችኝም።

መጋቢት ላይ፣
«ጉልበቴ ጠፋ» አለ፣ ቀኝ እግሩን እያሸ፤
ትንሹ ድልድይ እንኳ ዳገት ሆኖበት አመሸ።
«አንተው አይደለህም ‹ጉልበት አይጠፋም› ያልከኝ?»
ብዬ ብመልስለት፣ ስቆ አሳቀኝ።
«አልጠፋም፤ ሂሳቡ ሳንቲም አልጎደለ፤
ግን ከበተንኩት ውስጥ የሚመለስ የታለ?»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።
ይህን በእናቴ ቋንቋ፣ ለራሴ ብቻ አልኩት።

ያን ምሽት ብስክሌቱን እኔ ነዳሁለት፤
ድልድዩን በእግሬ ገፍቼ፣ ቀስ እያልኩ ወጣሁት።
ከዚያ ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ ወረድኩ፤
ቆሜ፣ ጓንቴን አውልቄ፣ ቸርኬውን ዳሰስኩ።

ለብ ብሏል። የወጣሁት ዳገት እዚህ ገብቷል፤
እጄ ላይ ጥቂት ቆይቶ ወደ ብርዱ ሸሽቷል።
ከተማው አላወቀ፤ ሰው ኮቱን አልፈታ፤
ቦዩም እንደ ጠቆረ፣ በነበረው ጸጥታ።

ረቂቅ ቴርሞሜትር ቢኖር ግን፣ በዚያች ሌሊት ጌንት
የፀጉር ታህል ሞቃለች፣ በሁለት ሰው ጉልበት።