የአጥሩ ሂሳብ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት እሚያልቅበት፣
ዘጠኝ መደብ ጎመን፣ ቃሪያ ጣል ያለበት፤
አንዲት ቡላ ፍየል ባንድ ጧት በላችው፣
ሚስቴም «አጥር!» አለች፣ ዳግም አላነሳችው።

በዳሳ መጣልኝ፣ ሜትር እንኳ አልያዘም፤
በእርምጃው ለካና፣ ወሬም አላበዛም፤
«አጣናው ስልሳ ሦስት፤ ማገር ትጨምራለህ፣
ሚስማር አራት ኪሎ ከሱቅ ታመጣለህ፣
የእጄ ስምንት ሺህ ነው፣ ምሳ ባንተ ሆኖ።»
«ስምንት ሺህ?» አልኩት፣ ድምፄ እንደ ክር ቀጥኖ፣
«እንጨት መትከል እኮ ነው፣ ግንብ አረግከው እንዴ?»
አምስት መቶ ቀነሰ፤ በለጥኩት በዘዴ።
ማታ ለሚስቴ አወራሁ፣ እንደ ነጋዴ።

በነጋታው መጣ፣ ድጅኖ ተሸክሞ፤
ስድስት ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሰባተኛው ላይ ቆሞ፣
ክንድ ያህል ፈቀቅ አለ፣ ሳይነካው አፈሩን፤
«አለት አለ እዚህ ጋ።»
                    «ከየት አወቅክ ይህን?»
ላቡን ጠረገና ቁልቁል እያየ ቀረ፤
«ያባቴን ማረሻ ሁለቴ ሰበረ፤
ያኔ ጤፍ ነበረ።»

ሌላ አላወራንም። የመዶሻ ድምፅ ብቻ።
አጥሩ ቀጥ ብሎ ደረሰ እስከ ዳርቻ።

ሲመሽ ብሩን ሰጠሁ፤ ቆጠረ በምራቁ፣
ሰባት ሺህ አምስት መቶ፣ አልጎደለም ሐቁ።
የተረፈችኝ ግን ኪሴን ኮሰኮሰች፤
እጄን ሰድጄ ነካኋት፤ እዚያው ተመለሰች።

ሊሄድ ሲል ዞር አለ፤ «ያቺ ቡላ ፍየል
የናቴ ናት» አለኝ፣ «እባክህ ይቅር በል።
መንገዱን ለምዳው ነው።»

ከዚያ በአዲሱ አጥር ጥግ ጥጉን ዞሮ
ሄደ ወደ ቤቱ፤ ቀጥታ ነበር ድሮ።